የማኅፀን በር ምርመራ የሚፈልገው ካንሰርን አይደለም፦ በስፋት ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ፣ የጸሐፊው ስም ያልሰፈረበት ረዘም ያለ ጽሑፍ፣ ሴቶች በጤና ጣቢያ ከሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዲርቁ ይመክራል። ለእኔ ከአራት የተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዷ የ34 ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ስትሆን፣ ለምርመራው ቀጠሮ ይዛ ስለነበር «ሲስተር፣ ታዲያ ብቀርስ?» የሚል ጥያቄ ከሥሩ ጨምራበታለች። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ይህንኑ ምርመራ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። «አትቅሪ» ብያት ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የቀረበ፣ በውስጡም እውነት የሆኑ ነገሮች ያሉበት በመሆኑ፣ በጥቅሉ ከማጣጣል ይልቅ እያንዳንዱን ነጥብ አንሥቶ መመለስ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላጠቃልል። ሕመም የማይሰማትን ሴት መመርመር ጤነኛን ሰው በሽተኛ ማድረግ ነው ይላሉ። በሽታውን የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ከሆነ ደግሞ፣ በአንድ ባል ተወስና የምትኖርን ሴት «ተመርመሪ» ማለት ትዳሯን መጠራጠር ነው ሲሉ ያክላሉ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን «የኮምጣጤ ምርመራ» በሀብታም ሀገር የማይታወቅ፣ ለድኻ የተመደበ ግምት ይሉታል። ክትባት ስለመጣም ምርመራው ጊዜው አልፎበታል፤ የማኅፀንን በር በብረት መነካካት የተኛውን በሽታ ይቀሰቅሳል፤ ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው ሕክምናም ያመክናል ባይ ናቸው። መደምደሚያቸው በሀገራችን የጨረር ሕክምና ወረፋ ረጅም ስለሆነ፣ ሊታከሙት የማይችሉትን በሽታ ማወቅ ጭንቀት ከመግዛት በቀር አይጠቅምም የሚል ነው።

ሌሎቹን ስሕተቶች የወለደው የመጀመሪያው ነጥብ ስለሆነ እርሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። ጸሐፊው ምርመራው የሚፈልገው ካንሰርን ነው ብለው ያምናሉ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው ሚዛን ይደፋ ነበር፤ ምንም የማያማትን ሴት ለካንሰር ፍለጋ ማንገላታት አስቸጋሪ ነውና። ልየታ የምንለው ይህ ምርመራ ግን የሚፈልገው፣ ካንሰር ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት በማኅፀን በር ላይ የሚጀምረውን የሕዋሳት ለውጥ ነው። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ቅድመ ካንሰር ምርመራ» ተብሎ የሚለጠፈውም ስለዚህ ነው።

ለውጡን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ነው። ከመቶ 95 ያህሉ የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ከዚህ ቫይረስ ሲሆን፣ ከብዙ ዝርያዎቹ መካከል 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከመቶ ለ70ው ያህል መንስኤ ናቸው። ቫይረሱ የያዛት ሴት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም፤ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ሰውነት ራሱ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይሰነብትና ሕዋሳቱን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ድረስ፣ የበሽታ መከላከል አቅሟ ደኅና በሆነ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ ኤች አይ ቪ በደሟ እያለ መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ላይ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሴትየዋን አያማትም፣ አይደማትም። ገበያ ትወጣለች፣ ትወልዳለች፣ ልጆቿን ታሳድጋለች። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ መድማት፣ ጠረኑ የተለወጠ ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብ ሕመም፣ የእግር እብጠት፣ እነዚህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሠቱት ነገሩ ካንሰር ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ «ምልክት ሲመጣ ሂጂ» የሚለው ምክር፣ በቀላሉ መዳን የሚቻልበትን ዘመን በሙሉ ቤት ተቀምጦ ማሳለፍ ማለት ነው። (እነዚህ ምልክቶች ያሉባት ሴት የልየታ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ የሚያስፈልጋት ሙሉ የሐኪም ምርመራ ስለሆነ ዛሬውኑ ትሂድ።)

ፊንላንድን ብንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምንም የማያማቸውን ሴቶች በየአምስት ዓመቱ እየጠራች መመርመር ጀመረች። ያኔ ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ግን በበሽታው የሚያዙትም የሚሞቱትም ቁጥር 80 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህ ውጤት የተገኘው ጸሐፊው «ጤነኞች» የሚሏቸውን ሴቶች በመመርመር ነው። በእኛ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ተመርምረው የሚያውቁት ከመቶ ሦስት አይሞሉም ነበር።

ያም ሆኖ ጤነኛን ሰው ያለ ልክ መመርመር ጉዳት አለው የሚለው ሥጋታቸው መሠረት አለው። የ20 ዓመት ወጣት ብትመረመር በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ለውጥ ሊገኝባትና ለማያስፈልጋት ሕክምና ልትዳረግ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን 30 ዓመት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ 25 ዓመት እንዲሆን የመከረው ይህን ሁሉ መዝኖ ነው። ከሌሎች ሴቶች ይልቅ እነርሱ በስድስት እጥፍ ለዚህ ካንሰር የተጋለጡ በመሆናቸው ቀደም ብለው ይጀምራሉ፣ በአጭር ጊዜ ልዩነትም ይደግማሉ።

የትዳሩ ነጥብ ብዙዎችን የሚያስከፋ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልሰው። ይህ ቫይረስ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፣ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ወንዱም ሴቷም። ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይም ይችላል። ዛሬ በ40 ዓመቷ ለውጥ የተገኘባት ሴት ቫይረሱን ያገኘችው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በሙሽርነቷ ወራት ሊሆን ይችላል፤ ባሏም እርሷን ከማወቁ በፊት ይዞት ኖሮ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ውጤቱ የማንንም ታማኝነት አይመሰክርም፣ የማንንም ክሕደት አያጋልጥም። ጸሐፊው «በአንድ የተወሰነች አትመርመር» ሲሉ፣ አደጋውን በሴቲቱ ጠባይ ለክተው፣ በሕይወቷ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቀዋን ባለትዳር ያለ ጥበቃ እየተዉአት ነው። በምርመራ ክፍሌ ለውጥ ካገኘሁባቸው ሴቶች መካከል እንዲህ ያሉት ጥቂት አልነበሩም።

ግንኙነት ጨርሶ ጀምራ የማታውቅ ሴት አደጋዋ እጅግ ዝቅተኛ ነው በሚለው ግን እስማማለሁ። ሌላም የምቀበለው ነገር አለ። ጸሐፊው «ወረፋ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ስለ ግል ሕይወቷ ተጠየቀች» ብለው የጠቀሱት ታሪክ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። መጋረጃ በሌለበት ክፍል፣ በር እየተከፈተና እየተዘጋ፣ ሴትን አልጋ ላይ ማስተኛት ነውር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት ሴት «በሩ ይዘጋ» ወይም «ሴት ባለሙያ ትመርምረኝ» ብትል መብቷ ነው፤ እኛም ልንቆጣ አይገባንም።

አሁን ወደ ኮምጣጤው ልምጣ። ባለሙያዎች ቪ አይ ኤ በሚሉት በዚህ ምርመራ፣ ማኅፀን በሩ ስፔኩለም በተባለ መክፈቻ መሣሪያ ከታየ በኋላ ከ3 እስከ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው አሴቲክ አሲድ በጥጥ ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። የተለወጡ ሕዋሳት በዚያ ደቂቃ ውስጥ ዳር ድንበሩ የሚለይ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ጤነኛው ክፍል ደግሞ ሮዝ መልኩን እንደያዘ ይቀራል። አሲዱ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር መሆኑ እውነት ነው። በሀብታም ሀገር አይታወቅም የሚለው ግን ስሕተት ነው። በዋሽንግተን ወይም በለንደን የምትኖር እኅታችን ፓፕ የሚባለው የሕዋሳት ምርመራዋ ጥርጣሬ ካሳየ ኮልፖስኮፒ ወደሚባል ምርመራ ትላካለች። እዚያ ያለው ሐኪምም ማኅፀን በሯን በዚሁ አሲድ ቀብቶ፣ ነጭ የሆነውን ቦታ በሚያጎላ መሣሪያ ያያል። መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው ሀንስ ሂንሰልማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ አሲዱም ለብዙ አሥርት ዓመታት የዚህ ምርመራ አካል ሆኖ ቆይቷል። ልዩነቱ ዓይንን የሚያግዘው መሣሪያ መኖርና አለመኖሩ ነው።

«ታዲያ ለምን እንደ እነርሱ በፓፕ አንጀምርም?» የሚለው የጸሐፊው ጥያቄ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ግሪካዊ አሜሪካዊው ጆርጅ ፓፓኒኮላው የፈጠረው የፓፕ ምርመራ፣ ናሙናውን በመስታወት ላይ ቀብቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክን፣ እዚያም በማይክሮስኮፕ የሚያነብ የሠለጠነ ባለሙያን ይጠይቃል። ውጤቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ከገጠር ቀበሌ ሦስት ሰዓት ተጉዛ፣ ልጅ አዝላ የመጣች እናት ለውጤቱ እንደገና ተመልሳ፣ ለሕክምናውም ለሦስተኛ ጊዜ መምጣት ሊኖርባት ነው። ብዙዎቹ አይመለሱም። በቪ አይ ኤ ግን ውጤቱ እዚያው አልጋው ላይ እያለች ይታወቃል፤ ለውጥ ከተገኘ፣ ሕክምናውም የሚስማማት ከሆነ፣ በዚያው ቀን ታክማ ትሄዳለች።

በሕንድ ሙምባይ ከተማ በድኻ መንደሮች በሚኖሩ 150,000 ያህል ሴቶች ላይ ይህ ተፈትኗል። ግማሾቹን ሐኪም ያልሆኑ ሠልጣኝ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በቪ አይ ኤ መረመሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ ሲታተም፣ በተመረመሩት ዘንድ በዚህ ካንሰር የሞቱት ካልተመረመሩት በ31 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ጸሐፊው ግምት ያሉት ምርመራ ይህ ነው።

ድክመቱን ግን ልሸሽግ አልፈልግም። ቪ አይ ኤ በመርማሪዋ ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው። ቁስለት ወይም ብግነት ነጭ መስሎ ሊያታልል ይችላል፤ የደከመች ወይም በቂ ሥልጠና ያላገኘች መርማሪ እውነተኛውን ለውጥ ልታልፈው ትችላለች። በሕንድ ኦስማናባድ አውራጃ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሌላ ትልቅ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የኤች ፒ ቪ ምርመራ ሞትን በግማሽ ያህል ሲቀንስ፣ አንድ ጊዜ የተደረገ ቪ አይ ኤ ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይም የምናየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ቪ አይ ኤ አያስተማምንም። በዚህ ሁሉ የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ተቀዳሚው ምርመራ ኤች ፒ ቪን ራሱን የሚፈልገው እንዲሆንና በየ5 እስከ 10 ዓመቱ እንዲደረግ መክሯል። ለዚህኛው ሴቲቱ ናሙናውን በግሏ፣ ማንም ሳያያት፣ ራሷ መውሰድ ትችላለች፤ በእኛም ሀገር በአንዳንድ ተቋማት ተጀምሯል። ስለዚህ «ከዚህ የተሻለ አለ» ቢሉ ኖሮ ከጸሐፊው ጋር በአንድ ድምፅ እንናገር ነበር። የተሻለው በየወረዳው እስኪደርስ ያለውን ጣሉት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ 38 ዓመት የሞላት ሴት ያን ያህል የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

ስለ ክትባቱ ብዙ አልልም። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ14 ዓመት ልጃገረዶች የጀመረችው በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የተከተቡት የመጀመሪያዎቹ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ናቸው፤ እናቶቻቸውና አክስቶቻቸው አልተከተቡም። ክትባቱም ሁሉንም ዝርያዎች ስለማይከላከል የተከተቡትም ጊዜያቸው ሲደርስ ይመረመራሉ።

«ብረት ከነካው ይቀሰቀሳል» የሚለው አባባል ከጸሐፊው በፊት የነበረ ነው፤ እኔም ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ዘመዶቻችን ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱት ሕመሙ ከጠና በኋላ ስለሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብዙም ሳይቆዩ ያርፋሉ። ሐዘንተኛውም ሞቱን ያመጣው ቢላዋው ነው ብሎ ያስባል። ስፔኩለም ግን አይቆርጥም፤ ለማየት እንዲቻል የብልትን ግድግዳ ከፈት አድርጎ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ከፕላስቲክ የሚሠራም ሞልቷል። ምቾት መንሣቱን፣ አሲዱም ለአፍታ ሊያቃጥል እንደሚችል አልክድም። በሽታ የሚቀሰቅስበት መንገድ ግን የለም። በፊንላንድ ለስልሳ ዓመታት ሴቶች በተደጋጋሚ በስፔኩለም ተመርምረዋል፤ ብረቱ ካንሰር የሚቀሰቅስ ቢሆን ኖሮ በሽታው በዚያች ሀገር በበዛ ነበር።

ያመክናል ለሚለው፣ በመጀመሪያ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል የሚያመጣውን ድንጋጤ ላንሣ። ውጤት ስንናገር ይህን ቃል ስንጠቀም፣ ብዙ ሴቶች ኤች አይ ቪ ያልናቸው ይመስላቸዋል፤ ሌሎቹ ካንሰር ተገኘብኝ ብለው ያለቅሳሉ። ሁለቱም አይደለም። ለውጥ ታይቷል፣ በአብዛኛው እዚህ ይታከማል ማለት ነው። ሕክምናው በጋዝ የማቀዝቀዝ ከሆነ፣ የተለወጠው ሥፍራ ከላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀዘቅዝና ይሞታል፤ በሙቀት የሚደረግ ከሆነ ደግሞ 100 ዲግሪ ያህል የሞቀ ጫፍ ከአንድ ደቂቃ በታች ይነካዋል። ሁለቱም የሚነኩት የማኅፀንን በር ገጽ እንጂ ፅንስ የሚያድግበትን ውስጠኛውን ክፍል ወይም እንቁላል የሚመረትበትን አይደለም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአራት ሳምንት ያህልም ከግንኙነት መቆጠብ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ባል ካልተባበረ የቁስሉ መዳን ሊታወክ ይችላልና፣ የሚቻል ከሆነ አብሮ መጥቶ ቢሰማ መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ እውነት አለ። ሰፋ ያለ ለውጥ ሲኖር ሊፕ በተባለ መሣሪያ ሥጋው ተቆርጦ ይወጣል፤ በጥልቀት ወይም በተደጋጋሚ ከተቆረጠ ወደፊት ያለ ጊዜው የመውለድን ዕድል ሊጨምር ይችላል። ገና መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህን አንሥታ መጠየቅ አለባት፤ ባለሙያውም ሳትጠይቅ ሊነግራት ይገባል። ያለ ጥርጥር የሚያመክነው ግን ሌላ ነው፤ ዘግይቶ ለተደረሰበት ካንሰር የሚደረገው ማኅፀንን ማውጣትና የጨረር ሕክምና። የጸሐፊው ምክር ሴቶችን የሚወስደው ወደዚያ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ልቤን የነካው ነው፤ ምክንያቱም መነሻው እውነት ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ለመላው ሀገር የነበረው ያ አንድ ማዕከል ብቻ ነበር። አሁን በክልል ከተሞች ሌሎች ቢጨመሩም ወረፋው አላበቃም፤ ተራዋን እየጠበቀች ሕመሙ ደረጃው ከፍ ያለባት ሴት አውቃለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. ግምት መሠረት በዓመት ከ7,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ ካንሰር ይያዛሉ፤ ከ5,000 በላይ ይሞታሉ። ጸሐፊው ይህን አይተው ቢቆጡ ትክክል ናቸው።

ነገር ግን ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ተገልብጧል። ወረፋው የካንሰር ሕክምና ወረፋ ነው። በልየታ የተገኘ ቅድመ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው እዚያው ጤና ጣቢያ፣ በዚያው ጠዋት፣ ያለ ጨረርና ያለ አልጋ ነው። ወደ ጥቁር አንበሳ መሄድ የሚፈራ ሰው፣ እዚያ እንዳይደርስ የሚያደርገውን መንገድ መሸሽ የለበትም። ሕክምናው እምብዛም በማይገኝበት ሀገር ይህ ምርመራ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ እኔ ግን የማውቀው ክፍተት አለ። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ተቋም የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቆ፣ ለውጥ የተገኘባትን የአምስት ልጆች እናት «በሌላ ቀን ነይ» ብለን ሸኝተናታል። የተመዘገበውን ስልክ ብንደውልም አይሠራም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ፈልጋ አላገኘቻትም። ያቺን ሴት አልረሳትም። «ለይተን ካላከምን ልየታው ምን ይረባል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ የምመልስለት የለኝም፤ ጥያቄው ልክ ነውና። በባትሪ የሚሠራው የሙቀት መሣሪያ ጋዝ ስለማይጠይቅ ይህን ችግር ያቃልላል፤ በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ መወትወት ይገባናል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። «ምልክት የሌላት አትመርመር» እና «ሕክምናው ያመክናል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ ጽሑፉ በተሰራጨባቸው ቦታዎች ሁሉ ያርሟቸው። ስለ ጨረር ወረፋና ስለ ሴቶች ክብር የጻፏቸውን አንቀጾች ግን ለብቻ አውጥተው ቢያትሟቸው፣ የጋዙን ጉዳይ ጨምሬበት እኔም አጋራቸዋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ የወር አበባዋ ካልመጣባት እንደምትሄድ ነግራኛለች።